አቶ ሸዋቀና የፈረሙበት ሥራ

ማክሰኞ ጠዋት የመርከብ ካፒቴን ሆኜ ተቀጠርኩ። ሰኞ ጥርስ ሐኪም ነበርኩ፣ እሁድ ደሞ የአንድ ደሴት ምክትል ሥራ አስኪያጅ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ አልታጠፍም ካለ ቆይቷል፣ ባሕር የሚባለውን ያየሁት የቤታችን ግድግዳ እንደ ስክሪን በርቶ ሲያሳየኝ ነው። ግን ምን ይደረጋል፣ ተመርጫለሁ።

ደብረ ብርሃን እንግዲህ እንዲህ ነው የሚነጋው። ሁለት ሰዓት ላይ ከምድር ቤት እስከ ሰባተኛ ፎቅ ሰው ሁሉ ጆሮ ውስጥ ያቺ ለስላሳ ድምፅ ትመጣና «እንኳን ደስ አለዎት፣ ከብዙ ሺህ አመልካቾች መካከል ተመርጠዋል» ትላለች። የምትናገርባትን የማዳመጫ ፍሬ ከጆሮ ማውጣት አይቻልም። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ፍሬውን ያላደረገ ሰው ሥራ አይፈልግም ተብሎ ይመዘገብና የወሩ ዘይትና ዱቄት ይቀርበታል። ስለዚህ ሰው ፊቱን እየታጠበ ይቀጠራል፣ ሽንኩርት እየከተፈ ይቀጠራል፣ ሽንት ቤት ቁጭ ብሎ ይቀጠራል። አራት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ፍሬውን አውልቆ ጆሮውን ይኮረኩርና ወደ ሥራ አጥነቱ ይመለሳል። በሕንጻችን መቶ ስልሳ ቤተሰብ አለ። የእውነት ሥራ ያለው ሰው ሁለት ነው። አንዱ የሁለተኛ ፎቁ ጥበቃ ነው፣ ሌላዋን አውቃታለሁ ግን ሥራዋን በዚህ አፌ አልናገርም።

ስሜ ኤልዳና ነው። አዎ፣ የአሮጊት ስም ነው፣ አውቃለሁ። በኛ ጊዜ ሴት ሁሉ ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ሔመን ነበር። የዛሬ ልጆች ደሞ ዘመናዊ ነን ብለው ዘነበች፣ በላይነሽ፣ አስካለ ይባላሉ። ከኔ ጋር የምትኖረው የልጄ ልጅ ዘነበች ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ። የከብት ጤና ተምራ በማዕረግ ተመርቃለች፣ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው፣ እስካሁን የዳሰሰችው ከብት የጎረቤት ድመት ነው። እኔ እንኳ ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አስተማሪያችን ስክሪን ነበር፤ አንድ ቀን ተሰነጠቀና እስኪጠገን ቤታችሁ ቆዩ አሉን። ይኸው እየቆየሁ ነው።

ቤታችን ስድስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት አለን። ከቆመ አራት ዓመቱ ነው፣ አፉ ግን ጤነኛ ነው። ቁልፉን ስትነካው «ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ በቅርቡ እናገለግልዎታለን» ይላል፣ ወፍራም የተከበረ ሰው ድምፅ። ስብሰባ የሚመራ ሰው ስለሚመስል ሶልያና አቶ ሸዋቀና አለችው፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ሰው ሁሉ ሲወጣና ሲወርድ «እንዴት ዋሉ አቶ ሸዋቀና» ይለዋል። አንዳንዱ ከልቡ ነው።

ሶልያና የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ናት፣ የዕድሜ እኩያዬ። ትራሷን ይዛ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ትቀመጣለች፣ ሊፍት ስለሌለ ሳይወድ በግዱ ሰው ሁሉ እሷን አልፎ ነው የሚሄደው። ማን ምን ገዛ፣ ማን ከማን ጋር ተኮራረፈ፣ ማን አዲስ ሽቶ ተቀባ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ሊፍቱ ቢጠገን ወሬዋ እንደሚደርቅ ስለምታውቅ ለጥገናው አቤቱታ ፈርሚ ሲሏት እጄ ያመኛል አለች። እኔም ያን ቀን አሞኝ ነበር።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ፣ እኔ ካፒቴንነቴን እየሰማሁ ዱቄት ስነፋ፣ ዘነበች ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጣች።

«እሙ፣ ተቀጠርኩ።»

«እኔም። መርከብ አለኝ።»

«የምሬን ነው። ቼክ ልከዋል።»

በረንዳ ወጣን። ዕቃ የምታመላልሰው በራሪ ማሽን ፖስታውን ጥላ ሄዳለች። ዘነበች እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከፈተችው።

ሰው ግድግዳና ስልክ ላይ የሚያየውን ማመን ካቆመ ቆየ መቼም። ፊት ይሠራሉ፣ ድምፅ ይሠራሉ፣ የሞተ አጎትህን አስነስተው «ይህን ሥራ እንዳታሳልፍ ልጄ» ያሰኙታል። ስለዚህ ወረቀት ተመልሶ መጣ። ቼክ የሚባለውን አያቴ ስታወራ ነበር የምሰማው፣ አሁን ይኸው ፋሽን ሆነ፤ ወፍራም ወረቀት፣ ፊርማ፣ ክብ ሐምራዊ ማህተም። ሰው ማህተም ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። ሌባ ይህን አይቶ ምን አደረገ? ሄዶ ማህተም አስቀረጸ።

ቀጣሪው «ብሩህ ቀንድ የእንስሳት ጤና ማዕከል» ይባላል። ዘነበች ቤቷ ተቀምጣ በርቀት ግመል ልታክም ነው። ለዚህ ደሞ የሚጠለቅ ጓንት ያስፈልጋል፣ እዚህ ጣቷን ስታንቀሳቅስ እዚያ በረሃ ውስጥ ያለ ብረት እጅ ግመሉን የሚዳስስበት። የጓንቱ መግዣ ቼኩ ውስጥ አለ። እሷ የሚጠበቅባት ቼኩን ማስገባት፣ ከዚያ ለጓንት ሻጩ ድርሻውን መላክ፣ የቀረው የመጀመሪያ ወር ደሞዟ ነው። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት።

«ሻጩን ማን መረጠው?» አልኳት።

«እነሱ።»

«ራሳቸው ለምን አልከፈሉትም ታዲያ? አንቺ መንገድ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አሠራራቸው ነው እሙ። ማረጋገጫ መስመር ደውዬ ጠይቄያለሁ። ትክክለኛ ድርጅት ነው አሉኝ።»

«የማረጋገጫውን ቁጥር ከየት አገኘሽ?»

«ደብዳቤው ላይ አለ።»

ዝም አልኩ። ሌባ ነህ ወይ ብላ ሌባውን ጠይቃ አይደለሁም ብሏት መጥታለች። በማዕረግ የተመረቀች ልጅ።

ዝም ያልኩት ደሞ ወድጄ አይደለም። እንዲህ ነው ነገሩ። ያኔ የዛሬ ስምንት ወር ዘነበች ገላዋን ስትታጠብ አንድ ሰውዬ ደወለ። ቆሎ እየበላ ነው የሚያወራው፣ ከጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል ሲቆረጥመው። «ዘነበች የምትባል ልጅ እዚያ ናት? ዋስ አላት? ቤት ያለው ዋስ ነው የምንፈልገው» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ እንኳን ደስ አለዎት የለ። አንተ ማነህ ዋስ የምትጠይቀኝ አልኩና ሌባ አልኩት፣ እናቱን ጠቀስኩ፣ አያቱን ጨመርኩ፣ ያልነካሁት ዘመድ የለውም። «እሺ፣ ይቅር» ብሎ ዘጋው። ለካ የበሬሳ ወንዝ ማዶው ወተት ማቀነባበሪያ ነው። እውነተኛ ላሞች ያሉት። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ዘነበች በሦስት ዓመት ውስጥ ያገኘቻት አንዲት የእውነት ሥራ ነበረች፣ እኔ ነኝ በአፌ ያባረርኳት።

ከዚያ ወዲህ ዘነበች አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ብርድ ልብሴን ታስተካክላለች፣ ስለ ሥራ ግን አንድ ቃል አትነግረኝም። ያን ማክሰኞ «እሙ፣ ተቀጠርኩ» ስትለኝ በስምንት ወር የመጀመሪያዋ ነበር። አሁን ሌባ ነው ብላት ማን ያምነኛል?

ረቡዕ ወደ ሶልያና ወረድኩ።

«ቼክ መጣላት አሉ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ማን ነገረሽ?»

«በራሪዋ ስትመጣ አየኋት። ጭነቷን ጥላ ቀለል ብሏት ነው የተመለሰችው፣ ወረቀት እንደሆነ ገባኝ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኔ ኢዮስያስም እንዲሁ ነው የጀመረው።»

ኢዮስያስ የልጇ ባል ነው። ሦስተኛ ፎቅ የራሳቸው ቤት ነበራቸው። አምና የሳተላይት ጽዳት ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ፣ ቼክ መጣለት። ቼኩን የባንኩ ማንበቢያ መስታወት ላይ ሲያደርገው ገንዘቡ ወዲያው ሂሳቡ ላይ ታየ። ታየ እንጂ አልገባም። ባንክ ቼኩን አጣርቶ የሚጨርሰው በዘጠነኛው ቀን ነው፣ ይህን ግን ቼኩ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው የሚጽፉት። ኢዮስያስ የታየውን ገንዘብ ገባ ብሎ የሥራ ልብስ ይሸጥልሃል ለተባለው ሰው ላከ። በዘጠነኛው ቀን ቼኩ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። የላከው ገንዘብ ግን ሄዷል፣ የባንክ ገንዘብ ስለሆነ ባንኩ መልስ አለው። በዚህ ዘመን ቤት ሳያስይዝ ሂሳብ የሚከፈትለት ሰው የለም። ቤቱን ወሰዱት፣ በሩ ላይ ቀይ ፕላስቲክ ለጠፉበት። አሁን ሚስቱንና ሁለት ልጁን ይዞ የሶልያና ሳሎን ውስጥ ነው፣ ጠዋት ጠዋት እሱም ፍሬውን ሰክቶ ይቀጠራል።

የዘነበች ሂሳብ የተከፈተው የኔ ቤት ተይዞ ነው። ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት ቆጥቦ በዕጣ ያገኘው ቤት።

«ንገሪያታ» አለች ሶልያና።

«አታምነኝም።»

«ቼኩን ቅደጂው።»

«ማክሰኞውኑ አስገብታዋለች። የቀረው መላክ ብቻ ነው። እንዳትልክ ብከለክላት ደሞ እስክሞት ሁለተኛውን ሥራም አሳጣችኝ እያለች ትኖራለች። ራሷ ካላየችው አይሆንም።»

ሶልያና ትራሷን አገላበጠች። «እኔን የገረመኝ ምን መሰለሽ፣ ኢዮስያስን እንዴት አድርገው እንዳከበሩት። እኔ አማቱ እንኳ እንደዚያ አክብሬው አላውቅም።»

ደረጃውን ስወጣ ይህቺ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። እውነት ነው እኮ። በዚህ አገር ሥራ የሚሰጥ ሰው መች አክብሮን ያውቃል? የእውነት ቀጣሪ ቀና ብሎ አያይህም። ነገ ተመለስ ይልሃል። ነገ ስትመለስ ፎርም አልቋል ይልሃል። ዋስ አምጣ ይላል፣ ዋሱን ስታመጣ መታወቂያው አርጅቷል ይላል። እንደ ሰው የማያይህ ከሆነ የእውነት ሰው ነው። ይኼኛው ግን ለሃያ አራት ዓመት ልጅ «እርስዎ» ይላታል፣ «መቼ ይመችዎታል» ይላታል። ዋስ የሚባል ቃል አልወጣውም። የዚህ አገር ሰው ሳያስፈርም ብርጭቆ አያውስም እንኳን ግመል ሊሰጥ።

አምስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ ስሰበስብ እጄ የሊፍቱን ቁልፍ ነካው። «ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» አለኝ። ይኸም ትሁት ነው። ቆሜ አየሁት።

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘነበች ፀጉሯን ተሠርታ ግድግዳው ፊት ተቀመጠች። ገንዘቡን ስትልክ አለቃዋ አብሯት ሊሆን ቃል ገብቶላታል። ምን ዓይነት አለቃ ነው አትሉም።

«ዘኑ፣ ሰውየውን ልመርቀው» አልኳት።

«እሙ፣ እባክሽ።»

«ምርቃት ብቻ። እንጀራ የሰጠሽን ሰው አሮጊት ሳትመርቀው ይቅር?»

ምርቃት እምቢ ማለት አልቻለችም። «አንድ ነገር እንዳትናገሪ» አለችኝ። «አንድ ነገር አልናገርም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ብዙ ነገር ነበር ልናገር ያሰብኩት።

ግድግዳው ላይ ሰውየው መጣ። ኮት፣ ክራባት፣ ከኋላው መስኮት፣ በመስኮቱ ግመሎች በሰልፍ ያልፋሉ። ናትናኤል እባላለሁ አለ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ።

«እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዘነበች ስለ እርስዎ ብዙ ነግራኛለች።»

«ምን ብላ?»

«ደግ እናት እንደሆኑ፣ ሁልጊዜ እንደሚያበረታቷት።»

ዘነበች ወደ መሬት አየች። ለኔ ለራሴ ያላወራችኝን ለሱ መቼ አወራችው?

መረቅኩት። ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ግመሎቹን፣ አንድ በአንድ። በየመሃሉ «አሜን» ይላል፣ አይቸኩል፣ አያዛጋ፣ ሰዓት አያይ። የኔን ምርቃት ሰዓት ሳያይ የጨረሰ ሰው ሲኖር የመጀመሪያው ነው፣ ባለቤቴን ጨምሮ።

«አመሰግናለሁ እማማ» አለ። «ዘነበች፣ ዝግጁ ሲሆኑ ክፍያውን መላክ ይችላሉ። አሥር ደቂቃ አለን።»

እጇ ተነሳ።

«አንዲት ነገር ብቻ ልጄ» አልኩ። «የዋሷ ነገር አልቋል አይደል?»

ፈገግታው ባለበት ቆመ። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይሞላም።

«አዎ እማማ፣ የዋስ ጉዳይ ተጠናቋል።»

የዘነበች እጅ አየር ላይ ቀረ። ዋስ አላመጣችማ።

«ጎሽ። አቶ ሸዋቀና ናቸው አይደል የፈረሙት?»

«ልክ ነዎት፣ አቶ ሸዋቀና ናቸው።»

«መቼ መጡ? ለኔ አልነገሩኝም እኮ።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ቢሮአችን መጥተው ነው የፈረሙት። እጅግ ትሁት ሰው ናቸው።»

«ትሁት እንኳ ናቸው። ግን አይንቀሳቀሱም ነበር፣ እንዴት አድርገው መጡ?»

«ትንሽ ያነክሳሉ፣ ቢሆንም ደረጃውን ያለ ማንም እርዳታ ወጥተዋል።»

ዘነበች አፏን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ የምትስቅ መሰለኝ፣ ኋላ የምታለቅስ፣ ሁለቱንም አይደለም። ወደ ግድግዳው ቀረብ አለች።

«አቶ ናትናኤል፣ አቶ ሸዋቀና እኮ አምና ሞተዋል» አለችው።

ግመሎቹ አለፉ። እሱ አንገቱን ደፋ፣ ልክ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው።

«ነፍስ ይማር። በደረሰው ሁላችንም በጣም አዝነናል። ትናንት ሲፈርሙም ደከም ብለው ነበር።»

ግድግዳውን አጠፋችው።

ስድስት ሰዓት አለፈ፣ የተላከ ነገር የለም። ባሸንፍ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ እሷ ግን ፀጉሯን ከፊቷ እየሰበሰበች እንባዋን ዋጠችው።

«ቤቱን ልሸጠው ነበር እሙ።»

«አልተሸጠም።»

«ሌባ እንደሆነ ትንሽ ትንሽ ገብቶኝ ነበር።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ግን በሦስት ዓመት ውስጥ እርስዎ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። መቼ ይመችዎታል ያለኝ። ሰው አለመሆኑን ባላውቅ ደስ ይለኝ ነበር።»

አቅፌያት ተቀመጥኩ። ለስምንት ወር እንደዚያ አልተጠጋችኝም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ቼኩ ባዶ ሆኖ ተመለሰ፣ ሂሳቧ ላይ የታየው ገንዘብ ጠፋ፣ ባንኩም «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕዳ የለብዎትም» ብሎ ላከ። ዘነበች አላመነችም። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር ትታ ስምንት ኪሎ ሜትር በእግሯ ቅርንጫፉ ድረስ ሄዳ በመስኮቱ በኩል ሰው ጠይቃ መጣች። ሰውየው ምን አላት? «አንቺ ልጅ፣ ለምሳ ዘግተናል።» ደስ ብሏት ተቀምጣ ጠበቀች።

አቶ ሸዋቀና ደሞ ተቀጠሩ። የእውነቴን ነው። ስማቸውን አንዴ ከኔ አፍ ስለሰሙ መዝገብ ውስጥ ገቡ መሰለኝ፣ በዚያ ዓርብ ማግስት በራሪዋ መጥታ «ለክቡር አቶ ሸዋቀና» የሚል ፖስታ ጣለች። የብሩህ ቀንድ ከፍተኛ አማካሪ ሆነዋል። ከነቼኩ፣ ከነማህተሙ። ሞታቸው እንቅፋት አልሆነም። ሶልያና ቼኩን ሊፍቱ በር ላይ በሙጫ ለጠፈችው፣ ሰው እየወጣ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ቁልፋቸው ሲነካ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ኢዮስያስ ብቻ ነው ቆሞ ሳይስቅ ያነበበው። ቀጥሎ ትንሿን ልጁን ይዟት መጣና ጣቱን በደቃቁ ፊደል ላይ እያስኬደ «ዘጠኝ ቀን፣ አየሽ? ዘጠኝ ቀን» አላት። አሁን በሕንጻው አዲስ ቼክ የመጣለት ሁሉ መጀመሪያ ለኢዮስያስ ያሳየዋል። ደሞዝ የለውም እንጂ ሥራ አግኝቷል።

የኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ስድስት ፎቅ ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ወተት ማቀነባበሪያው ድረስ ሄድኩ። ላሞቹ ይሸታሉ። ግድግዳ ላይ ያለች ላም ሸትታ አታውቅም። አንድ ቢሮ ውስጥ ጎልማሳ ሰው ተቀምጦ ቆሎ ይበላል። ቀና አላለም። ጥሩ ምልክት ነው አልኩ።

«ምን ነበር?» አለ።

«ዘነበች የምትባል የልጅ ልጅ አለችኝ፣ የከብት ጤና የተማረች። የዛሬ ስምንት ወር ደውለው ነበር።»

ቆሎው አፉ ውስጥ ቆመ። ቀና አለ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«አያቴን እንኳ አልተዉልኝም እኮ። ሴትየዋ ከሞተች አርባ ዓመቷ ነው።»

«ነፍሷን ይማር። ጥፋቴ ነው። ስድብ ከፈለግህ ተራው ያንተ ነው፣ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ልጅቷ ግን ምንም አላደረገች። የዚያን ቀን ገላዋን እየታጠበች ነበር።»

ሰውየው ጉልላት ይባላል፣ ጠረጴዛው ላይ ተጽፏል። እኔን ትቶ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ ደሞ ቆሎውን።

«ያስገባናት ልጅ ላም ረግጣት ወጥታለች» አለ። «ይችኛዋ ላም ትፈራለች?»

«ላም አይታ አታውቅም።»

«ይኼ ነው ትምህርት የምትሉት። ዋስ አላት?»

«እኔ ነኝ ዋሷ።»

«ቤት አለዎት?»

«አለኝ። ለጥቂት ተርፏል ግን አለኝ።»

«መታወቂያ።»

ሰጠሁት። አገላብጦ አየና «አርጅቷል» ብሎ መለሰልኝ። ደስታዬን እንዳያይብኝ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ።

«ቢሆንም ይፈርማሉ» አለ። «ዛሬ ግን አይሆንም። ነገ ይምጡ። ፎርም የሚይዘው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል።»

እዚህ ላይ አንዴ ተቃጥያለሁና ዝም ብዬ ልሄድ አልቻልኩም። የማላውቀውን አንድ ስም ፈጠርኩና ሰጠሁት።

«የወይዘሮ ማክቤል ለቅሶ ነው አይደል? ያቺ ጠባሴ ሰፈር ወፍጮ ያላት?»

«የምን ማክቤል?» አለ ግንባሩን ቋጥሮ። «ማክቤል የምትባል ወፍጮ ያላት ሴት የለችም። ጠባሴ ወፍጮ ያለው የአቢጊያ ባል ነው፣ እሱም አልሞተም፣ የሞተው ወንድሙ ነው፣ ያ ሁለት ሚስት ነበረው የሚባለው። አሁን ሁለቱም ሬሳው የኔ ነው ብለው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተያይዘዋል አሉ። ይውጡልኝ እስቲ፣ ሥራ አለብኝ።»

ወጣሁ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ነው ሁለት ሚስት የሚለው ነገር የገባኝ። ለሶልያና ይህን ሳልነግራት ማለፍ አልቻልኩም፣ ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ ዘገየሁ። ትንሽ ማለት ሁለት ሰዓት ነው።

ቤት ስገባ ዘነበች በሩ ላይ ቆማለች። የት እንደሄድኩ ሶልያና ነግራታለች መቼም፣ ሌላ ማን ይነግራታል።

«ምን አለሽ?»

«አመናጨቀኝ።»

«ዋስ ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ። መታወቂያሽ አርጅቷል አለኝ።»

«እና?»

«ነገ ይምጡ አለኝ። ፎርም የሚይዘው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል።»

ዘነበች መኝታ ቤት ገባች። ጎንበስ ብላ ከአልጋ ሥር ያን ስትመረቅ የገዛችውን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መሬት ያልነካ የላስቲክ ቦት ጫማ አወጣች። በረንዳ ላይ ተቀምጣ አቧራውን ትጠርገው ጀመር።